ማሄር-ሻላል-ሐሽ-ባዝ ታክሾፕ

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህን ታሪክ ማውራት የማይገባው አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። ጥፋተኛ ሰው ደግሞ የራሱን ታሪክ ሲያወራ አስቀድሞ ደህና ወንበር ስቦ ይቀመጣል። እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የምገኘው መሰላል ላይ ነው። መሰላሉ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ጉዳዩ የስም ጉዳይ ነው። ስም ደግሞ ጆሃንስበርግ ለምንኖር ሐበሾች ቀላል ነገር አይደለም። እስቲ አስቡት፤ ከከተማው ራቅ ብሎ ወዳለው የድሃ ሰፈር፣ ሎኬሽን ወደሚሉት፣ ገብቶ ታክሾፕ የሚባል ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሐበሻ ሁሉ ስሙ አንድ ነው። ዳቦና የስልክ ኤርታይም ሊገዛ የሚመጣው ሕፃንም ሽማግሌም «ማይፍሬንድ» ነው የሚለው። ዮሐንስም ማይፍሬንድ ነው፣ ደሳለኝም ማይፍሬንድ ነው። ማይፍሬንድ ታሞ ሌላ ሰው ቢተካው እንኳ ማይፍሬንድ በቦታው አለ። ታዲያ ስሙን በመስኮት ፍርግርግ አሳልፎ የሰጠ ሰው ወንድ ልጅ ሲወለድለት ምን ያደርጋል? ለራሱ ያጣውን ስም ሁሉ ልጁ ላይ ይጭናል።

በዚህ ነገር ከሆሳዕናና ከዱራሜ የመጡትን የወንጌል አማኝ ወንድሞቻችንን የሚያህል የለም። (እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እኛም የራሳችን ጉድ አለን፤ እሱን ሌላ ሰው ይጻፈው።) ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ልጁ እሑድ ቀን ወደ መድረክ ይወጣና ይጸለይለታል። አባት ማይክራፎኑን ይቀበላል። ስሙን ይናገራል፣ ትርጉሙን ይናገራል፣ ከዕብራይስጥ መምጣቱን ይናገራል። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በዚህ አገር ይህ ስም ያለው ሌላ ልጅ የለም» ይላል። እልልታው የሚቀልጠው ያኔ ነው። ድሮ ናታን ይበቃ ነበር። ዛሬ ሐበሻ በሚበዛበት በጄፒ መንገድ ላይ ቆማችሁ «ናታን!» ብላችሁ ብትጣሩ መንገዱ በሙሉ ይዞራል። ስለዚህ አባቶች የእገሌ ልጅ እገሌ ወደሚባልባቸው፣ ማንም አንብቦ ወደማይጨርሳቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፎች ወረዱ። ኤልዳድ አለቀ። አቢዳን አለቀ። በዚያ ላይ የበኩር ልጅ ስም የሱቁም ስም ነው፤ ልጁ ገና ጥርስ ሳያበቅል በቀለም ተጽፎ ይሰቀላል።

ስለ ስም ሦስት ጥያቄ ሊጠየቅ ይችላል፤ ትርጉሙ ምንድን ነው፣ ምንጩ ከየት ነው፣ ስንት ሰው ይጠራበታል። እኛን እንቅልፍ የሚነሳን ሦስተኛው ብቻ ነው።

እኔ ጄፒ አንድ ፎቅ ላይ መጋረጃና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ልጅ ሳለሁ ደግሞ ሰባት ወር ቄስ ትምህርት ቤት ውያለሁ። እነዚህ ሁለት ነገሮች ተደምረው የስም ሊቅ አድርገውኛል። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። አንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ስም አወጣሁ፤ ሰውየው ለሌላ ነገረ፤ ከዚያ ወዲያ መጋረጃ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ስም ይዞ መመለስ ጀመረ።

ማቴዎስ የደወለልኝ ሚስቱ ታደለች በወለደች በሦስተኛው ቀን ነበር። ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሎኬሽን ታክሾፕ አለው፤ ቀጥ ያለ፣ የተነገረውን የሚያምን፣ ያመነውን የማይለቅ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ወንድ ነው።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አልኩ፣ ለምዶብኝ።

«እንኳን ጌታ ረዳት» ብሎ አረመኝና ቀጠለ። «ስም ይፈልጉልኝ። ከኬፕታውን እስከ ሙሲና ድንበር ድረስ ማንም የሌለው።»

«ትርጉሙስ?»

«ትርጉሙም ጥሩ ይሁን እንጂ» አለ፣ ጨው ጨምሩበት እንደሚል ሰው። «ዋናው ግን ማንም እንዳይኖረው።»

ስልኬን ከፈትኩ። ብርቅ የዕብራይስጥ የወንድ ስሞች የተሰበሰቡበት ገጽ አገኘሁ። ከዝርዝሩ መጨረሻ አንድ ስም ተጋድሟል፤ ባቡር ያክላል። ማሄር-ሻላል-ሐሽ-ባዝ። አንድ ነቢይ ለልጁ ያወጣው ነው ይላል። በትልቅ ሰሌዳ ላይ እንዲጽፈውም ታዝዞ ነበር ይላል። ቀጥሎ «ትርጉም» የሚል ቃል ብቅ አለ፤ ከሥሩ ግን ያቺ ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፤ ዞረች። ዳታዬ አልቋል።

እዚህ ላይ ያልተማረ ሰው ዳታ ይገዛል። እኔ ግን ሰባት ወር ቄስ ትምህርት ቤት ውያለሁ። ዕብራይስጥ የግዕዝ ወንድም መሆኑን ማን ያጣዋል? ማሄር ያው ምሕረት ነው። ሻላል ከሰላም ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሐሽና ባዝ ትንንሾች ስለሆኑ ብዙ ትርጉም አይሸከሙም ብዬ «ፈጥኖ ይመጣል» አደረግኳቸው። ከዚያ ደወልኩለት።

«ምሕረትና ሰላም ፈጥነው ይመጣሉ» አልኩት።

ማቴዎስ፣ ድምፁ ተሰብሮ፣ «ጌታ ይባርክዎት ጋሼ» አለኝ። እኔም በምርቃቱ ሞቅ ብሎኝ የሰሌዳውን ነገር ጨመርኩለት። ትልቅ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ሄጄ አየሁት። ከሱቁ መስኮት በላይ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ በቢጫ መደብ ላይ በሰማያዊ የእንግሊዝኛ ፊደል ያ ስም ተዘርግቷል፤ በቀኝ ጫፍ ላይ፣ ቦታው ስላለቀ እጥፍጥፍ ብሎ፣ «ታክሾፕ» ይላል። የግቢው ባለቤት፣ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ ታንዲ፣ አያት ታንዲ፣ እያለ የሚጠራት አሮጊት፣ ፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሰሌዳውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ሰሌዳውን አየች።

«ሃይቦ!» አለች።

አድናቆት መሰለኝ።

አሁን ወደ ሐሙስ እንምጣ። የውጭ ሰዎችን የሚያባርር ሰልፍ ይወጣል የሚለው ወሬ ከሰነበተ በኋላ ረቡዕ ወረቀት ተበተነ፤ ሐሙስ ጠዋት በዋትስአፕ ግሩፓችን የድምፅ መልእክት ይዘንብ ጀመር። «ሰልፍ አለ፣ የውጭ ሰው ሱቅ ይዘጋ ነው የሚሉት።» «መዝጋት ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ባኪ መኪና አስከትለዋል፣ ይጭናሉ።» «ኦሬንጅ ፋርም ያላችሁ ቶሎ ውጡ፣ እባካችሁ ወንድሞች!» የቻለ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ከተማ መጣ። ማቴዎስ አልመጣም። የተከራየው መኪና መንገድ ላይ ጎማ እየተቃጠለ ነው ብሎ ተመለሰ። ታደለች የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው፤ ሃያ አንድ ቀኗ ነው፤ በእግሯ የትም አትደርስም። የሚኖሩትም ከሱቁ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ነው፤ በሩ አንድ ነው፤ እሱም በሱቁ በኩል ነው። ሱቁን የሰበረ ሰው ቀጥሎ የሚያገኘው አራሷን ነው።

እኔ እንግዲህ መልእክቶቹን ለመስማት ዳታ ገዛሁ። ዳታው ሲገባ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ስልኬ ውስጥ ሳይዘጋ የከረመው ያ ገጽ ክቡን ማዞር አቆመና ፍጥጥ አለ።

ትርጉም፦ ዘረፋው ይፈጥናል፣ ብዝበዛው ይቸኩላል።

ምንጭ፦ ዕብራይስጥ።

ተወዳጅነት፦ እጅግ ዝቅተኛ።

ተወዳጅነቱ ለምን ዝቅ እንዳለ ገባኝ።

ለካ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህ ስም በትርጉሙ ነው የተጻፈው፤ ስንቱ አማኝ የሰው ስም መሆኑን ሳያስተውል አንብቦት አልፏል፤ ዕብራይስጡን ሲሰማ ደግሞ ከዚያ ጋር አያገናኘውም። ነቢዩ የጻፈው ወራሪ ሊመጣ ነው ብሎ ለማስጠንቀቅ ነበር። እኔ ደግሞ ወራሪው በሚመጣበት ቀን፣ በወዳጄ በር ላይ፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል፣ መጥሪያ አስለጥፌያለሁ።

ማቴዎስ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ከሱቄ ጥግ ግማሽ ቆርቆሮ ነጭ የግድግዳ ቀለምና አንድ ብሩሽ አነሣሁና ወጣሁ። ብርቱካን እንደያዘ ሰው መዳፌን ሰብስቤ ወደ መንገዱ ዘረጋሁ፤ የኦሬንጅ ፋርም ታክሲ የሚቆመው በዚህ ምልክት ነው። ቆርቆሮውን በጉልበቶቼ መካከል አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረች ሴት ቀለሙን አየች፣ ፊቴን አየች።

«ሥራ ነው?»

«ሥራ ነው።»

«ኦሬንጅ ፋርም? ዛሬ?» አለችና ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ወደ መስኮቱ ዞራ አላናገረችኝም፤ ሟች ጋር እንደተቀመጠ ሰው። ከመንገዱ በስተቀኝ ጥቁር ጭስ ይታይ ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮኑን አጠፋው። ሬዲዮ የሚያጠፋ የታክሲ ሾፌር እኔ በዚህ አገር አይቼ አላውቅም።

ስደርስ የሱቁ የብረት መዝጊያ ወርዷል። ሐሙስ በዚህ አገር የሴቶች የጸሎት ቀን ነውና ጎጎ ታንዲ ቀይ ሸሚዟንና ነጭ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ እንደሷ ከለበሱ ሁለት አሮጊቶች ጋር ግቢው በር ላይ ተቀምጣለች። መሰላል ለመንኳት። ሰጠችኝ፤ ለምን ብላ አልጠየቀችም። በግራ በኩል ውሻዋ ታስሯል፤ ከእኔ ጋር አንዋደድም። ስለዚህ መሰላሉን በቀኝ በኩል አቆምኩ። ይህን ልብ በሉልኝ። ከቀኝ የጀመርኩት በብልሃት አይደለም፤ በውሻ ነው።

የመጨረሻውን ቃል ሸፍኜ ወደ ስሙ ልሻገር ስል የሱቁ በር ተከፈተና ማቴዎስ ወጣ።

«ጋሼ! ምን እየሠራህ ነው?»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዱን ልብ አልኩ። አልፈረድኩበትም።

«ስሕተት አለበት» አልኩ።

«የቱ ፊደል ላይ?»

«ሁሉም ላይ።»

«ፈርተህ ነው!» አለ፣ መሰላሉን ጨብጦ። «የልጄን ስም በፍርሃት ታጠፋለህ? እኔ የሰቀልኩት ለእንዲህ ያለ ቀን አይደለም እንዴ? ምሕረትና ሰላም ይመጣሉ አላልክም? በዚያ ቃል አይደል ውስጥ የተቀመጥነው?»

ብሩሹ እጄ ላይ ደረቀ። ሰውየው መኪና ስላጣ ብቻ አይደለም የቀረው። እኔ በሰጠሁት ትርጉም ላይ ነው ሚስቱንና ልጁን ያስቀመጠው። ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

ፉጨት ተሰማ። ከዚያ ዘፈኑ፤ ከዚያ የእግሩ ድምፅ፣ መሬቱን ደብ ደብ የሚያደርገው። ጎጎ ሳትነሣ በአገጯ ለማቴዎስ ምልክት ሰጠችው፤ «ግባ»። ገባ። እኔ ለመውረድ አንድ እግሬን አነሣሁ። «አንተ እዚያው» አለችኝ።

ከማዕዘኑ ዞረው መጡ። የሰፈሩ ሰዎች አልነበሩም፤ ኤክስቴንሽን ከሚሉት ከሌላ መንደር የመጡ ናቸው፤ ዱላ የያዘ አለ፣ ባዶ የለስላሳ ሳጥን የያዘም አለ። ባዶው ሳጥን ከዱላው ይበልጥ አስፈራኝ፤ ሰው ባዶ ሳጥን ይዞ የሚወጣው ሊሞላው ነው። ከፊት ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ፣ ወረቀት የያዘ ጎልማሳ አለ። ቆመ። ወረቀቱን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማንበብ ጀመረ። ማ-ሄር። ሻ-ላል። የኔ ዙሉ ከደንበኛ የተለቀመ ዙሉ ነው፤ ያን ቀን ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«ሳውቦና ጎጎ። ይሄ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ዞር ብዬ ሥራዬን አየሁ። «ታክሾፕ» የሚለው ቃል ነጭ ቀለም ሥር ገብቷል። የቀረው የነቢዩ ልጅ ስም ብቻ ነው። በዚህ አገር ጋራዡም ኮንቴይነሩም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እንዲህ ያለ ስም ተሸክሞ የሚቆም ሌላ ቤት ደግሞ የለም።

ጎጎ ሰሌዳውን አየች። ቀለሙን አየች። ለመመለስ የወሰደችው ጊዜ፣ እኔ በዚህ አገር ከኖርኩት ዓመት ይረዝማል።

«አዲስ ነው» አለች። «አላየህም? ገና እየተቀባ ነው።»

«መሰላሉ ላይ ያለውስ?»

«ኡምፉንዲሲ ነው።»

ቄሱ ነው ማለቷ ነው። ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። ከኋላው ያሉትም አንድ በአንድ አወለቁ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ፤ ቄስ ሲታይ የሚጠበቀውን እየጠበቁ። ብሩሹን ወደ ላይ አነሣሁ። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ፈለግሁ፤ ባዶ ነው፤ እናቴ ያስተማረችኝ እንኳ ጠፍቷል። ከሰባት ወሩ የተረፈው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱኑ፣ የኔታ ያወጡልኝ እንደነበረው ዜማ፣ ረዘም አድርጌ ለቀቅሁት።

«አ… ቡ… ጊ… ዳ… ሄ… ው… ዞ…»

«አሜን» አሉ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ከብረቱ መዝጊያ በስተጀርባ ሕፃኑ አለቀሰ። ሰውየው ጆሮውን ቀሰረ፤ ባዶ ሳጥን ከያዙት አንዱ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ። በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ታደለች ናት። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ልጁን ታቅፋ፣ እንደ አራስ ቀስ ብላ እየተራመደች ወጣችና ጎጎ አጠገብ ቆመች። አሮጊቶቹ ያለ ምልክት፣ ሦስቱም በአንድ ድምፅ፣ መዝሙር አነሡ። ሕዝቡ ሳይወድ በግድ ተቀበላቸው፤ መዝሙር ሲነሣ ዝም ማለት እዚህ ነውር ነው።

ሰውየው ልጁን ጎንበስ ብሎ አየ።

«ስሙ ማነው?»

ጎጎ በጣቷ ወደ ሰሌዳው አሳየች።

«ዮ! ይሄ ሁሉ?» አለና ሳቀ። ከዚያ ወደኔ ቀና አለ። «ኡምፉንዲሲ፣ ትርጉሙ ምንድን ነው?»

ጎጎ ሳል ያዛት። ያኔ ነው የገባኝ። በዙሉው መጽሐፍ ቅዱሷ ስሙ ሳይተረጎም እንዳለ ተቀምጧል፤ ታሪኩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለች። ያ «ሃይቦ» አድናቆት አልነበረም።

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ መጋረጃ ሻጭ ነኝ። ግን መሰላል ላይ ቆሜ የዋሸሁበት ቀን የለም።

«ምሕረትና ሰላም» አልኩ። «ፈጥነው… ይመጣሉ።»

ሰውየው ጥቂት አሰበበት። የሕፃኑን ግንባር በአንድ ጣቱ ነካ አደረገ፤ ጣቱ ጥቀርሻ ነበረው፤ ከጎማው ይሆናል። ኮፍያውን አጠለቀና ፉጨቱን ነፋ። ሄዱ። ታደለች ባለችበት ቆማ በነጠላዋ ጫፍ የልጁን ግንባር ጠረገች። እኔ ከመሰላሉ ለመውረድ የሰው እርዳታ አስፈለገኝ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ቆርቆሮ ሲቀደድ ሰማን። ዘለቀ የሚባል የአገራችን ልጅ ሱቅ ነበር። ዘለቀ ቤተሰቡን ይዞ ጠዋት ስለወጣ ሰው አልተጎዳም፤ ሱቁ ግን መደርደሪያው ሳይቀር ተጫነ። በሱ በር ላይ «ናታን ታክሾፕ» ይላል። ናታን ማለት «ሰጠ» ማለት ነው። ይህን በዳታ አረጋግጫለሁ። ከዚህ ምን ትምህርት እንደሚገኝ ግን አትጠይቁኝ፤ እኔ መጋረጃ ነው የምሸጠው።

እሑድ ማቴዎስ ማይክራፎኑን ጨበጠ። ስሙን ተናገረ፤ ሳይሳሳት። ትርጉሙን ተናገረ። ከዚያ እንባው ወረደና «ቃሉ ሐሙስ ዕለት ተፈጽሞ አይቻለሁ» አለ። ፓስተሩ «በነቢያት ውስጥ ያለ ስም ነው» ሲባል ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን በአዎንታ በዝግታ ነቀነቀ፤ ፓስተር አላውቀውም አይልም። እልልታው ጣራውን ሊነቅለው ደረሰ። በእንግድነት የፊት ወንበር ሰጥተውኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ የጫማዬን ቀለም ነጠብጣብ ቆጠርኩ።

ሲያልቅ ታደለች ልጁን እንደታቀፈች መጣች። ጎንበስ ብላ፣ የምትስመኝ መስላ፣ በጆሮዬ «ጋሼ፣ ጎጎ ነግራኛለች» አለችኝ።

«መቼ?»

«ሰሌዳው የተሰቀለ ዕለት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ማቴ ደስ ብሎት ነበራ» አለች። «እኔ ቤት ውስጥ ባዚ ነው የምለው። ነገሩን ማቴ እንዳይሰማ። ለምስጢሩ ሦስታችን እንበቃለን።»

ነገሩ በዚህ ቢቀበር መልካም ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት ዘለቀ ሱቄ መጣ። ሚስቱ ልትወልድ ነው፤ ሁለተኛ ወንድ። ካትሌሆንግ በሚባል ሎኬሽን አዲስ ሱቅ ሊከፍት ነው። እዚያ አንድ ወንድማችን፣ ሶዌቶ ሌላው፣ ሰሌዳቸውን አስለውጠው ያንኑ ረጅም ስም አስጽፈዋል፤ ታክሾፕ የሚለውን በነጭ አስቀብተው።

«ዘለቀ» አልኩት፣ «ለአንተ ሌላ፣ ማንም የሌለው ስም እፈልግልሃለሁ።»

«ማንም የሌለው አልፈልግም ጋሼ» አለኝ። «የሠራውን ስጡኝ።»

«ትርጉሙ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ትርጉሙን እሑድ ከማቴ አፍ ሰምቻለሁ» አለ። ዓይኑን አየሁት። ሱቁን በአንድ ቀን ያጣ ሰው ዓይን ነው። ለአዲሱ ቤቱ ጥሩ መጋረጃ መርጬ ጠቀለልኩለት፤ ምርቃት ነው አልኩት።

እንግዲህ ይህን የምናውቅ ታደለች፣ ጎጎ ታንዲና እኔ ነበርን፤ አሁን እናንተ ተጨመራችሁ። አደራችሁን፣ ለማንም አትድገሙት። ኦሬንጅ ፋርምም ካትሌሆንግም ብታልፉና ያን ሰሌዳ ብታዩ፣ ኮፍያችሁን አውልቁና ዝም ብላችሁ እለፉ።